የማልታው ጋሽ ሎምበሶ

ረግጦ የማያውቀውን አገር የሚያስጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጋሽ ሎምበሶ ይባላሉ፤ በስደት ባለንበት ከተማ ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላቸው። ዕቃ ሊያነሱ ጅምላ ሻጮቹ ወዳሉበት ሰፈራችን ጀፕ በመጡ ቁጥር የሐበሻ ምግብ ቤታችን ቁጭ ይሉና ስለ ማልታ ያስተምሩናል። ለምን ማልታ? ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣው እዚያ ነዋ! አንድ እሑድ የሰሙት ስብከት አገር ሆኖባቸው ቀረ።

«ማልታ ሜዲትራኒያን ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ድንጋይ እንጂ ወንዝ የሚባል የላትም። አረብ ገዛት፤ መስቀል ያነገቡ ፈረሰኞች ገዟት፤ ፈረንሳይ ገዛት፤ እንግሊዝ ገዛት። ዛሬ ግን ነጻ ናት!» ይላሉ፣ ነጻ ያወጧት እሳቸው ይመስል።

ባለፈው ሳምንት ግን ጸሎታችን ተሰማ። የምግብ ቤቱን ፍሪጅ ሊጠግን የመጣው ነጭ የማልታ ተወላጅ ሆኖ ተገኘ! ዛሬስ አፋቸውን ይዘጋሉ ብለን ጎትተን ፊታቸው አስቀመጥነውና፣ ማልታ ወንዝ አላት ወይ ብለን ጠየቅነው።

«ወንዝማ አለን፤ በልጅነቴ ዋኝቼበታለሁ» አለ ሰውዬው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ጋሽ ሎምበሶ ሻያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«የዋኘህ ቀን ዝናብ ዘንቦ ነበር?»

«አዎ፣ ያውም ኃይለኛ።»

«በጋ ሲሆንስ?»

ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ። «በጋማ ይደርቃል።»

«እንግዲያው የዋኘኸው ጎርፍ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ!»

ሰውዬው መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በታላቅ አክብሮት፣ «ለመሆኑ ከአገራችን የወጡት መቼ ነው?» አላቸው።

ጋሽ ሎምበሶ ደረታቸውን ነፉ። «ገና መች ገባሁና!»