ቅናሽ የገባበት ስጎ

የአሰብ ሰው በቀትር ፀሐይ ከቤቱ የሚወጣው ወይ ቀብር ሲኖርበት ነው፣ ወይ «ቅናሽ» ሲባል ከሰማ። ለቀብሩ እንኳ «እስቲ ትንሽ ይብረድ» የሚል አይጠፋም። ለቅናሽ ግን ማን ይታገሣል! ከደብረ ማርቆስ ለማስተማር ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ፣ ስንት ከረባት ያሰረ የተከበረ ሰው ዘንቢል አንጠልጥሎ ሲሮጥ አይቻለሁ መሰላችሁ! የሚሮጠው ቤቱ ምግብ አልቆበት አይደለም። ብቻ ረክሷል ይባል እንጂ፣ ምን እንደሚያደርግለት ቤቱ ከደረሰ በኋላ ያስብበታል።

የሁሉም አውራ ጎረቤቴ አቶ ገበየሁ ነው፤ በአንድ መጋዘን ጸሐፊ ነው። ደንበኛው ከመደርደሪያ ራሱ እያነሳ የሚገዛበት የቅናሽ መደብር ሰፈራችን አጠገብ ሲከፈት፣ ሰውየው ጤና አጣ። መደብሩ የሚያራግፈው በመርከብ ሲመጣ የራሰውን፣ የተጨረማመተውንና ባለቤት ያጣውን ዕቃ ነበር። ገበየሁ የሻገተ ሩዝ ይገዛና «ሲታጠብ ይለቃል» ይላል፤ የደቀቀ ብስኩት ይገዛና «ሆድ ውስጥ መድቀቁ ላይቀር!» ይላል።

ሚስቱ ወይዘሮ ጽጌ ታዲያ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አማቷ «መካን አገባህ» እያሉ ሲያሳርሯት የኖረች ሴት ናትና፣ ክርስትናው ለእሷ ተራ ድግስ አልነበረም። የክርስትና አባት የሚሆኑት ደግሞ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ መሐንዲስ ነበሩ። ገበየሁ «ለእንዲህ ያለ ሰው ፓስታ በስጎ ካልቀረበ ውርደት ነው» አለ። ጽጌ በዋዜማው የበግ አልጫዋን ሠርታ ስታበቃ፣ ለስጎው የሚሆን ሳልሳ ከሰፈሩ ሱቅ እንዲያመጣላት ለመነችው። ወዴት እንደሄደ መቼም አልነግራችሁም።

ዕቃ ላግዘው ተከተልኩት። ሻጩ ባወጣልን ካርቶን ውስጥ ያሉት ቆርቆሮዎች ወረቀታቸው በባሕር ውኃ ተልጦ ራቁታቸውን ቀርተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት ሻጩን።

«ሳልሳ ሳይሆን አይቀርም።»

«አይቀርም ማለት ምን ማለት ነው?»

«እባክህ መምህር፣ ሰዋስውህን እዚያው ትምህርት ቤትህ!» አለኝ ገበየሁ፣ ካርቶኑን እንደ ልጁ አቅፎ።

የክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጽጌ ሕፃኑን ልታጠባ ገባች። ገበየሁ «ስጎውን ለእኔ ተዪው» ብሎ ቆርቆሮዎቹን እየከፈተ ያለውን ሁሉ የሚንተከተከው ሽንኩርትና ሥጋ ላይ ገለበጠው። ቀይ ነው፤ ወፍራም ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል? የቀመሰ ግን አልነበረም።

መሐንዲሱ ፓስታውን በሹካ ጠቅልለው ጎረሱና ድንገት ማኘክ አቆሙ። የተማሩ ሰው ናቸውና ቀስ ብለው ማላመጥ ቀጠሉ። ሕፃኑን ያጠመቁት ቄስ ግን ጎርሰው «ይጣፍጣል… ኧረ በጣም ይጣፍጣል!» አሉና ውኃ ጠየቁ። ይሄኔ ገበየሁ ቀመሰ። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጽጌ አማት ባሉበት፣ እንግዳ በሞላበት፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ ጮኸ።

«አንቺ ጽጌ! ምንድን ነው የጨመርሽበት?»

አማቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። የጽጌ ዓይን እንባ አቀረረ፤ አሁን አለቀሰች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሕፃኑን ለመሐንዲሱ ሚስት አሳቀፈቻቸው፤ ወደ ጓዳ ገብታ አንዱን ባዶ ቆርቆሮ አመጣችና ባሏ ፊት አስቀመጠችው። ከታች የተረፈው የእንጆሪ ማርመላታ ነበር።

«ቅናሽህን» አለችው።

ከመሐንዲሱ ጀምሮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጽጌ አልጫዋን አቅርባ እንግዳውን አጠገበች። ለባሏ ግን ስጎውን ደግማ ጨለፈችለት፤ በሰው ፊት ነውና በላው።

ሰው ተማረ አላችሁ? ሰኞ ወደ መደብሩ ብቅ ስል፣ የክርስትናው እንግዳ ሁሉ እዚያ ተሰልፎ አገኘሁት። «ማርመላታ በሳልሳ ዋጋ!» ይባባላሉ። ሻጩም የሚሸጠው ማርመላታ መሆኑን ከእነሱ አፍ ሰምቶ ወዲያው ዋጋ ጨመረ፤ እስከ ቀትር ሌላው ሱቅ ከሚሸጥበት በለጠ። ከሰልፉ የወጣ ሰው አልነበረም። ገበየሁማ ከፊት ሆኖ «እኔ ባላገኘው ኖሮ!» እያለ ይኩራራል።

ጽጌ ሕፃኑን አዝላ በሰልፉ አጠገብ አለፈች። ገዢ ያጣው የሰፈሩ ሱቅ ገብታ፣ ወረቀቱ ያልተላጠ ማርመላታ በርካሽ ገዝታ ወጣች። ተሰላፊው በሐዘኔታ ተመለከታት።

«ምስኪን!» አለች አንዷ ከኋላዬ። «እንዲህ ያለ ብልህ ባል ይዛ፣ እሷ መገብየት አታውቅም።»