የጋሽ ክፍሌ ማርሽ

የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ከከፈታችሁ ሰው የማያመጣላችሁ ወረቀት የለም። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የፍቺ አቤቱታ። አንዳንዴ ጥሪውንም አቤቱታውንም ያው ሰው ነው የሚያመጣው። እኔ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩ። ምን ያልጻፍኩት አለ? እንዲህ እያልኩ በምኮራበት ሰሞን ነው ጋሽ ክፍሌ ወፍራም ካኪ ፖስታ ታቅፈው የገቡት።

«ሰብለ፣ ማርሽ ነው» አሉኝ።

«መካኒኩ እኮ ማዶ ነው ጋሼ» አልኳቸው። የመኪና ማርሽ መስሎኛላ! ማለቴ፣ ሌላ ምን ይምሰለኝ?

አልሳቁም። ፖስታውን ፈቱና አሥራ አራት ገጽ ኖታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ቀለሙ ቡኒ ሆኗል። ሰልፈኛ የሚራመድበት ማርሽ፣ ለአሥር መሣሪያ።

ጋሽ ክፍሌ በጉብዝናቸው በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነበሩ። ይህን ማርሽ አንድ ክረምት ሙሉ ተጨንቀው ጽፈው ለአለቃቸው ለሻምበል ወርቁ ሰጡ። ሻምበል በማግስቱ መለሱላቸው። «ይጋጫል» ብለው፤ ድምፆቹ እርስ በርስ አይስማሙም ለማለት። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ማርሹ አንድ ቀን እንኳ ሳይነፋ ሠላሳ ዓመት ሞላው። የባሰው ደግሞ ሁለቱም ጡረታ ወጥተው እዚሁ ቂርቆስ መቅረታቸው፣ የአንድ እድር አባል መሆናቸው ነው። ለቅሶ ቤት ሲመጡ አንዱ ከድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይቀመጣሉ። አንዴ ካርታ ሊጫወቱ አራተኛ ሰው ጠፍቶ ሻምበልን ሲጠሯቸው፣ ጋሽ ክፍሌ ካርታውን አስቀምጠው ሬሳ ወዳለበት ክፍል ገቡ። ሬሳ ይሻላል ማለታቸው ነው።

«ኮምፒውተር ኖታ ያነባል ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ልስማው። ከተጋጨም ይጋጭ። ካልተጋጨ ግን ያ ሰውዬ ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።»

ምን ትላላችሁ እንዲህ ለሚል ሰው? አንድ የሙዚቃ መምህር ደንበኛዬ ኖታ የሚጻፍበት ፕሮግራም በሲዲ ሰጥቶኝ ነበር። ጫንኩት። እኔ ደግሞ ኖታ ማንበብ አላውቅም። ጋሽ ክፍሌ አጠገቤ ተቀምጠው እየነገሩኝ፣ «ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ጅራቷ ወደ ላይ፣ አይደለም፣ ጥቁሯ» እያሉ፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ሆሳዕና ኮምፒውተሩ ላይ ለቀምኩት። ደንበኛ ሲመጣ ያቆማሉ፤ ደንበኛ ሲወጣ «የት ነበርን?» ይላሉ።

አለቀና ማጫወቻውን ተጫንኩ። ጋሽ ክፍሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ መስመር ኖታውን እየረገጠ ይሄዳል። ይሄዳል። ይሄዳል።

«ጀመረ?» አሉኝ።

«አለቀ» አልኳቸው።

ድምፅ የሚባል ነገር የለም! ስፒከሩን ጠረጠርኩ። ዘፈን ከፈትኩበት፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኸ። ስለዚህ እሱ ንጹሕ ነው። ሦስት ቀን ፕሮግራሙን ስበረብር ከርሜ ለመምህሩ ደወልኩ።

መምህሩ ሳቀ። ይህ ሚዲ የሚሉት ነገር ድምፅ አይደለም አለኝ። ትእዛዝ ነው። ይህችን ኖታ አሁን፣ በዚህ ጉልበት፣ ይህን ያህል ጊዜ ተጫወት የሚል ትእዛዝ። የሚጫወተው ሌላ ነው። «አንቺ ትእዛዙን ለማን ነው የምትልኪው?» አለኝ።

ይሄ ገባኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለሁ? ለማይመለከተው ክፍል የተጻፈ ማመልከቻ ስንት ዓመት መልስ አጥቶ እንደሚቀር አውቃለሁ። ማስተካከያውን ስከፍት እውነትም ፕሮግራሙ ኖታውን ሁሉ የሚልከው ወደ ውጭ፣ በገመድ ለሚገናኝ የሙዚቃ ኪቦርድ ነው። እኔ ደግሞ ከመጻፊያው በቀር ኪቦርድ የለኝም። ያ ሁሉ የጾም ልፋት ለሌለ ሰው ይላክ ነበር! ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርድ ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አብሮት የመጣ ሲንተሳይዘር አለ። ዕቃ አይደለም፤ የመሣሪያዎችን ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። እሱን መረጥኩ፤ ዘግቼ ከፈትኩ፤ ተጫንኩ።

ድምፅ! ጋሽ ክፍሌ ከወንበራቸው ተነሡ።

ደስታችን ግን ዕድሜ አልነበረውም። አሥሩም መሣሪያ ፒያኖ ሆኖ ነው የወጣው፤ ወዲያው አቆምኩት። ለእያንዳንዱ መስመር ቻናል የሚሉትን የራሱን መተላለፊያና መሣሪያውን ለይቼ መስጠት ነበረብኝ፤ ለክላርኔቱ ክላርኔት፣ ለትሮምቦኑ ትሮምቦን። ስሞክር ጋሽ ክፍሌ ከመጀመሪያው ገጽ አላሳልፍ አሉኝ። «ወደ ውስጥ አትግቢ። ያ ሰውዬ ሳይኖር ሙሉውን አልሰማውም» አሉ። እሺ ብዬ በመጀመሪያው ገጽ ብቻ አንድ በአንድ እያስተካከልኩ አሥረኛው መስመር ደረስኩ። የራሳቸው ትራምፔት ናት። ትራምፔት ሰጠኋት፤ ተጫንኩ።

ድስት ከነክዳኑ ደረጃ ላይ ሲንከባለል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ።

ጋሽ ክፍሌ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ ኮምፒውተር ከሻምበል ጋር ተማክሯል» አሉ።

እንደገና ለመምህሩ ደወልኩ። አሥረኛው ቻናል በሕጉ ለድራም የተተወ ነው አለኝ። ትራምፔት ብትሰጪው፣ ዋሽንት ብትሰጪው፣ ከበሮ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ወደ አሥራ አንደኛው አዛወርኳት። ከዚያ በኋላ ትራምፔቷ ወጣች። ትንሽ አፍንጫዋን የተያዘች ትመስላለች፤ ግን ትራምፔት ናት። ጋሽ ክፍሌ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጥርሳቸው አልቆ መንፋት ካቆሙ ቆይተዋል።

«አሁን ደብዳቤ ጻፊ» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት «እንደምን አደርክ» ላላሉት ሰው ማርሹን መጥቶ እንዲሰማ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ አስጻፉኝ። ፈርመው ላኩ። እውነት ለመናገር ሻምበል ይመጣሉ አላልኩም። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ለእኔ ሰላምታ ሰጡ፤ ለጋሽ ክፍሌ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። በሩን ዘጋሁና ተጫንኩ።

ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ጥሩ ነበር። ሙዚቃ የማላውቀው እኔ እንኳ እግሬ ተነሣ። አንደኛው ገጽ አለፈ፤ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው። ጋሽ ክፍሌ በጎን ሻምበልን ያያሉ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ክላርኔቱና ትሮምቦኑ ተገናኙ።

ጅራቷን በር የያዘባት ድመት አስቡ። ማርሹ እስከ መጨረሻው ሄዶ ቆመ።

«ይጋጫል» አሉ ጋሽ ክፍሌ ራሳቸው፣ ቀስ ብለው። እንዴት አዘንኩ! ምነው ያን ሲንተሳይዘር ባላገኘሁት ኖሮ አልኩ።

ሻምበል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ «ክፍሌ» አሉ። «የዚያን ቀን ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍኩም።»

«ምን?»

«አላነበብኩትም። መጀመሪያው አማረብኝ። ነፊዬ እኔ የማልጽፈውን ጻፈ ብዬ ቀናሁ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩህ።»

ጋሽ ክፍሌ ወደ ሻምበል ዞሩ። እኔ ከዘራቸውን ከአጠገባቸው ላንሣ ወይ እያልኩ ነው። «ሳታየው አወቅከው ማለት ነው?» አሉ በመጨረሻ፤ ሳቅ አፈናቸው። ሻምበልም ሳቁ። ሁለቱም በአንድ መሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። እስቲ ፍረዱ፤ ሳያነብ ልክ የሆነው ነው ጥፋተኛው ወይስ ደክሞ የተሳሳተው? እኔ እስከ ዛሬ አልፈረድኩም።

ማስታረቅ ጽድቅ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚነግራችሁ ግን የለም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስድስተኛውን ገጽ ማቃናት ላይ ተጣሉ። ሻምበል ክላርኔቱ ይውረድ፤ ጋሽ ክፍሌ ትሮምቦኑ ይውጣ። መሐላ ሁሉ መጣ። እኔ እንደየፍላጎታቸው አቃንቼ ለሁለቱም ለየብቻ ፋይል አድርጌ አስቀመጥኩላቸው።

ሰኞ ሰኞ ጋሽ ክፍሌ ይመጣሉ። «ሻምበል የለም?» ብለው በሩን ያዩና፣ «እስቲ የሱን ክፈቺው» ይሉኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ «እንዳትነግሪው» ብለው ይወጣሉ። ረቡዕ ሻምበል መጥተው፣ «የክፍሌን፣ ቀስ አድርገሽ» ይላሉ። እሳቸውም ያስምሉኛል።

አንድ ሐሙስ ሁለቱም እኩል በሩ ላይ ተገናኙ። እኔን አዩኝ፤ ተያዩ። የማንን ልክፈት? «መብራት ጠፍቷል» አልኳቸው። ከጀርባዬ ፎቶኮፒው ወረቀት እየተፋ ነው።

«አዎ» አሉ ጋሽ ክፍሌ፣ «ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል።»

«ከጠዋት ጀምሮ ነው» አሉ ሻምበል።

ተያይዘው ወጡ። ከታረቁ ወዲህ የተስማሙበት ብቸኛው ነገር እሱ ነው።