በቁርጥ ዋጋ የተደመጠ በደል

ጣና ዳር የጀልባ ዋጋ ስትጠይቁ ባለጀልባው «ወዴት ናችሁ?» ይላችኋል እንጂ «ለስንት ሰዓት?» አይላችሁም። ለደቅ ደሴት ይህን ያህል፣ ለቅርቦቹ ገዳማት ይህን ያህል ብሎ ይቆርጣል። ማዕበል ተነስቶ ብትዘገዩ ነፋሱን የምትረግሙት አብራችሁ ነው። በሰዓት የሚከፈለው ባለጀልባ ግን ነፋስ ሲነሳ ምን ይሰማዋል? እኔ በሰው ክፉ አላስብም፤ ቀስ ብሎ ይነዳል ብቻ እላለሁ።

ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ የመስኖ ምሕንድስና ነው፤ እሱም ምን እንዳደረገልኝ ታያላችሁ። ይህን የተማርሁት ከሁለት ጠበቆች ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መሐንዲስ ነበርሁ። ከግምጃ ቤቱ አንድ የውሃ ፓምፕ ጠፋ፤ በመረከቢያው ወረቀት ላይ ፊርማዬ ተገኘ። ፊርማዬን የመሰለ ፊርማ ማለቴ ነው። አለቃዬ «እምነት አጉድሏል» ብሎ የስንብት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ በጠየቅሁበት ቢሮ ሁሉ ወሬው ቀድሞኝ ወንበር ይዞ ይጠብቀኛል። ደመወዙ ይቅር፤ ስሜን መልሱልኝ ብዬ ከሰስሁ።

የመጀመሪያው ጠበቃዬ ከትልቅ ከተማ የመጣ ጨዋ ወጣት ነበር። ክፍያው በሰዓት ነው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሰዓት አለች፤ እኔ ስቀመጥ እሷ ትነሳለች። አታላይ አልነበረም፤ ሰዓቷ ትክክል ነበረች። መከራዬም እሱ ነው።

አንድ ቀን አጎቴ አያ ታከለ ከይፋግ መጥተው አብረውኝ ገቡ። የአገራችንን ሰላምታ ታውቁታላችሁ።

«እንዴት ዋልህ የኔ ጌታ? እናትህ ደህና ናቸው? ዘመድ ወዳጁ? አዝመራው እንዴት ይዞሃል?»

ልጁ አዝመራ ይቅርና ችግኝ የለውም። ቢሆንም ለእያንዳንዱ በትሕትና ይመልሳል። እኔ ሰዓቷን እያየሁ አላበኝ።

«አያ ታከለ፣ ይብቃዎት!»

«ምኑ ነው የሚበቃኝ? ሰላምታ ይከፈልበታል እንዴ?»

«ይከፈልበታል።»

አያ ታከለ ደንግጠው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ዝም ስንልስ?» አሉኝ።

«እሱም ይቆጠራል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደሌን ማሳጠር ለመድሁ። መንገድ ላይ እየተለማመድሁ እሄድና «ፊርማው የእኔ አይደለም» ብዬ እወጣለሁ። ለሌላው ወሬ ማን ይከፍላል? የፊርማ መርማሪው «ይመሳሰላል፤ ማረጋገጥ ግን አይቻልም» አለ። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጠ፤ ያ ቀጠሮ ሌላ ቀጠሮ ወለደ። ከክሱ በፊት ገንዘቤ አለቀ፤ ከጠበቃውም ጋር በሰላም ተለያየን።

ሰው መክሮኝ ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ሄድሁ። ከገበያው አጠገብ፣ ከልብስ ሰፊዎች በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ጠበቃ ናቸው። ዋጋቸውን ስጠይቃቸው ማንጎ እየላጡ ነበር።

«በመቶኛ እንዳልዋዋልህ የምትፈልገው ስምህን ነው፤ የስም ሲሶ ወስጄ ምን ላደርገው?» አሉ። «በቁርጥ እንነጋገር። ማስረጃ ስናስገባ ሲሶ፣ ምስክር ሲሰማ ሲሶ፣ ፍርድ ሲነበብ ሲሶ። ቀጠሮ ቢራዘም ኪሳራው የእኔ ነው። በል አሁን ተናገር።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ሁሉንም ነዋ! የተከፈለበት ጆሮ ነው፤ ቆጥበህ ለማን ልትተወው ነው?»

ምን ልበላችሁ። ለስንት ዓመት የታቆረ ውሃ ተለቀቀ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አወራሁ፤ አለቃዬ እንዴት እንደሚስቅ ሳይቀር ነገርኋቸው። በሦስተኛው ቀን የበደሉ ምንጭ ላይ ደረስሁ።

«ጥርስ የነከሰብኝ በልጁ ክርስትና ነው። እኔ ለጥናት ደቅ ሄጄ፣ ማዕበሉ አላሳልፍ ብሎኝ እዚያው አደርሁ። እሱ ግን ድግሴን ናቀ አለ።»

«ክርስትናው መቼ ነበር?»

«ኅዳር ሚካኤል። እሱ ይረሳል እንዴ?»

ጋሽ ይሁኔ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። የመረከቢያውን ወረቀት ቅጂ አወጡና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ፓምፑ የተገዛው በውጭ ርዳታ ስለነበር የወረቀቱ ቀን የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ኖቬምበር ሃያ አንድ ይላል።

«አንተ የተማርህ ሰው፣ ይኼ እኮ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው! እዚህ ፈረምህ በተባለበት ቀን አንተ ደቅ ላይ ነበርህ።»

አንዱ የወረቀት ቀን፣ አንዱ የሚካኤል ቀን ሆነው ሁለቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ለወጣቱ ጠበቃ አልፈርድበትም፤ የክርስትና ድግስ ወሬ በሰዓት ከፍዬ መቼ ነገርሁት?

የቀረው ቀላል ነበር። የደቁ ጉዞ የውሎ አበል ቅጽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ፣ በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ፍርድ ቤቱ አስቀረበው። «ከኅዳር አሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት ደቅ ደሴት በሥራ ላይ ነበር» ይላል። ከሥሩ የአለቃዬ ፊርማ አለ። የእሱ ትክክለኛ ነው።

ደብዳቤው ተሻረ፤ ስሜም ተመለሰልኝ። አያ ታከለ ይህን ሲሰሙ ጋሽ ይሁኔን በስልክ ግማሽ ሰዓት መረቋቸው፤ ማንም አልቆጠረም። እኔም በማግሥቱ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ትኩስ ቆሮሶ ገዝቼ ለምስጋና ሄድሁ። እጃቸውን ልስም ብል ከለከሉኝ። ተቀመጥሁና እንደ ልማዴ ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እኮ አልተጠየቀም! እንዲያውም ሹመት ጨመሩለት፤ እንዲያውም…»

ጋሽ ይሁኔ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«የቁርጡ ዋጋ ትናንት አልቋል ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ሰውዬ የምታወራው በሰዓት ነው።»

ስለ ቆሮሶው አወራን። እስኪመሽ አወራን፤ በነጻ።

ይህን ያጻፈኝም ምስጋናዬ ነው። ሰውዬውን ያነሳሁባቸውን ቦታዎች ሰብስባችሁ ብትቆጥሩ ግን ሩብ ሰዓት አይሞሉም። ለሩብ ሰዓት የሚሆን ክፍያ አላጣም።