የእትዬ ዘሃራ ፍየል

በኛ አገር የውሻ ጠባይ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሥራው ነው። ይጮሃል ወይ? ይናከሳል ወይ? ሌባ ያስደነግጣል ወይ? እነዚህን ካሟላ ፍርፋሪውን ይበላል፣ ደጅ ያድራል፣ በዚሁ አበቃ። ስለ ውሻ አመልና ስሜት ሲተነተን የምሰማው ከተማ ስሄድ ብቻ ነው። ታዲያ ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ያለችው የልጄ ልጅ ደወለችና ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ ስለ ውሻ ጠየቀችኝ። ባሏ ጆሮ ረጅም የፈረንጅ ውሻ ሊገዛ ነው አሉ። ዘሩ ኮከር ስፓኒየል ይባላል፤ ለመሆኑ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ከልጆች ጋርስ ይስማማል ወይ፣ አለችኝ።

ለኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ መቅረቡ ምንም አልገረመኝም። ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ካራቆሬ ባለው ምድር፣ ከኮከር ስፓኒየል ጋር በአንድ ጣራ ሥር የኖረ ሰው ከኔ ቤት በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ያውም በጣሊያን ጊዜ። ያውም ሁለት ዓመት ሙሉ። አንድ ችግር ብቻ አለ፦ በነዚያ ሁለት ዓመታት ውሻይቱ ፍየል ነበረች።

አትቸኩሉ፣ እነግራችኋለሁ። ቆላ ውስጥ የተቸኮለ ወሬ አይጥምም።

ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ጣሊያን መንገዱን ሲቀይስ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዤ ሮቢት ሜዳ ላይ እቆማለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ መቆም። ቀያሹ በመነጽሩ ያየኛል፣ በእጁ ወደ ግራ ይለኛል፣ ወደ ቀኝ ይለኛል፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከላይ ታየኛለች። ለጠላት ሠርተሃል ብለው እስከ ዛሬ የሚወቅሱኝ አሉ። እውነት ነው፣ ሠርቻለሁ። ግን ዘንጉን ሆን ብዬ ያጣመምኩባቸው ቀናት ነበሩ። ከሮቢት ወጣ ብላችሁ ያለ አንዳች ምክንያት የሚጠማዘዝ መንገድ ካያችሁ፣ እሱ የኔ የአርበኝነት ሥራ መሆኑን እወቁልኝ።

ቀያሹ ከሲታና ዝምተኛ ሰው ነበር። ስቴላ የምትባል፣ ፀጉሯ ወደ ወርቅ የሚወስደው፣ ጆሮዋ እስከ ጉልበቷ የተዘናፈለ ውሻ ነበረችው። አንድ ቀን ወባ ጣለውና ወደ ደሴ ሊወስዱት በካሚዮን ላይ ጫኑት። እየተንቀጠቀጠ ገመዷን አስያዘኝ። ባለችው አማርኛ እንደነገረኝ፣ ብቻዋን ከተተወች ታለቅሳለች፣ ሲቆጧት ታኮርፋለች፣ ሰው ግን ትወዳለች። የቱን ሰው አልኩት። «ቱቲ፣ ቱቲ» አለኝ፤ ሁሉንም ማለቱ ነው። እስክመለስ ያዝልኝ አለና ሄደ። አልተመለሰም።

እኔ የምኖረው ካሳደጉኝ አክስቴ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ነበር። እትዬ ዘሃራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። አንድ ልጃቸው ሰይድ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞች ጋር ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ መኖሩንም መሞቱንም የሚነግረን አልነበረም። አምስቱን ሶላት የማያሳልፉ፣ ውሻ ደጃፋቸውን ቢረግጥ ደጃፉን የሚያሳጥቡ ሴት ናቸው። እኔም ውሻይቱን ከአጥር ውጪ አስሬ ልይዛት ቆርጬ ነበር።

ማን ይሰማኛል? ገና ከግቢው እንደገባን ገመዱን አስለቅቃኝ፣ አክስቴ ሮቃው ዛፍ ሥር ቁጭ ካሉበት ሄዳ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አሳረፈችው። እኔ ባለሁበት ደረቅሁ። የአክስቴ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ጆሮዋን አገኘ፣ ርዝመቱን እስከ ጫፉ ለካው። «ማሻአላህ! ይህን የመሰለ ጆሮ! የአዳል ፍየል ናት አይደል ሙሄ?» አሉ። ቀንድ ፈለጉ፣ የለም፤ ጎዳ ናት አሉ። ጭራዋን ዳበሱ፣ ፈረንጆቹ በልጅነቷ ቆርጠውት ኖሮ አጭር ነው፣ ከፍየል ጭራ አይለይም። ከዚያ ፈገግ አሉ። ሰይድ ከወጣ ወዲህ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አዎ እትዬ፣ ፍየል ናት አልኩ።

ስሟንም ወርቂት አሏት። ወርቂት ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቤት ሰው ሆነች።

በማግስቱ ጭንቀቴን ይዤ ጎረቤታችን ሼህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ሼሁ ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ በቀስታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ብዙ አሰቡ። እትዬ ዘሃራ ካላወቁ ኃጢአት የለባቸውም፣ ኃጢአቱ በሙሉ ያንተ ነው አሉኝ፤ ልክ የውርስ መሬት እንደሚያስረክብ ዳኛ። እንግዲያው አትንገራቸው፣ ነገር ግን ውሻ የላሰው እጅ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን ጊዜ በአፈር፣ ይህን ሳታጓድል ፈጽም ብለው አሰናበቱኝ።

ወርቂት ደግሞ ከመላስ በቀር ሌላ ሙያ የላትም። ስለዚህ ለሶላት ውዱእ ከማድረጋቸው በፊት ማንቆርቆሪያውን ይዤ እጃቸው ላይ ሰባት ጊዜ አፈሳለሁ፣ በመካከሉ አንድ ጭብጥ አፈር አሻለሁ። ይህ ምንድን ነው አሉ በመጀመሪያው ቀን። የሮቢ ወንዝ ደፍርሷል አልኳቸው። ክረምት ነበርና አለፈልኝ። በጋው ሲመጣም ወንዙ ደፍርሶ ቀጠለ። ይህ ወንዝ ዘንድሮ ምን ነካው እያሉ ይገረሙ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እገረማለሁ። በየቀኑ እየመጡ አጠገባችን የሚቀመጡት ሼህ ኑሩም ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

ውሸት ሲጀምሩት ቀላል ነው፣ ማስተዳደሩ ነው ጉልበት የሚጠይቀው። ጠዋት ጠዋት አንድ እቅፍ የቁርቁራ ቅጠል አምጥቼ ወርቂት ፊት እጥላለሁ፣ ማታ ሰብስቤ ለጎረቤት ፍየሎች እሰጣለሁ። የጎረቤት ፍየሎች በዚያ ዓመት ደልበው መራመድ አቃታቸው። ወርቂት ከጮኸች ደግሞ እኔ ተከትዬ ውጣ አንተ ውሻ እያልኩ የሌለ ውሻ አባርራለሁ። ወተትስ መቼ ነው የምትሰጠን ሲሉኝ ገና ልጅ ናት እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ነበረች። አንድ ጊዜ እግሯን ያዙና ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሱ። እንዴት ለስላሳ ነው አሉኝ ቆይተው። ድንጋይ ላይ ስላልሄደች ነው አልኩ። እሺ አሉ።

ስለ ጠባይዋ ካነሳን አይቀር፣ እንደ ወርቂት ያለ ቤት የማይጠብቅ ፍጡር አላየሁም። ያ ዘመን ሰው ሁሉ ወገኑን የሚመርጥበት፣ ወንድም ወንድሙን በጎሪጥ የሚያይበት ዘመን ነበር። ወርቂት ግን ሁሉንም ሰው እኩል ትቀበላለች። አንድ ቀን ሰይድን ፍለጋ ሁለት ባንዶች መጡብን። ሮጣ ወጥታ የአንደኛውን ባዶ እግር ላሰችው። አክስቴም ከተቀመጡበት ሆነው፣ ልጄ ይቅር በላት፣ ፍየሌ ትንሽ ቅብጥብጥ ናት አሉት። ባንዳው ውሻይቱን አየ፣ የአክስቴን ዓይን አየ፣ ከኋላ ቆሜ በሁለት እጄ የምለምነውን እኔን አየ። የት እንደሆነ እንጃ፣ እሱም እናት ነበረችው መሰለኝ። «ግድ የለም እማማ፣ ደህና ፍየል አለችዎት» ብሎ ጎተራውን እንኳ ሳይከፍት ጓደኛውን ይዞ ወጣ። ከጠላት ጋር በአንድ ሐሳብ የተስማማሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የቀትሩ ሰዓት ነው። ቆላ ቀትር ላይ ዓለም ይቆማል፤ የተተካው ቀያሽም ድንኳኑ ይገባል፣ እኔም ዘንጌን ጥዬ ቤት እመጣለሁ። ከአዋሽ በኩል የሚመጣው ሞቃት ነፋስ ሜዳውን እያርገበገበው፣ ሩቁ ዛፍ ከምድር ተነስቶ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። እኛ ሦስታችን ሮቃው ሥር ነን። ወርቂት የአክስቴ እግር ላይ ተኝታ በሕልሟ ትሮጣለች፤ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ በቀጭኑ ታቃስታለች። አክስቴ እጃቸውን ጎኗ ላይ አድርገው ሩጫውን ያዳምጡታል። ይህች ልጅ የት ይሆን የምትሄደው ይሉኛል፣ ቀስ ብለው፣ እንዳትነቃ። እኔ አላውቅም እላለሁ። እሳቸውም፣ እኔም ሰይድን የማየው በሕልሜ ነው፣ በሕልሜ ዓይኔ ደህና ነው ይላሉ። ዛሬ ያንን ሳስበው ከሦስታችን ማን ተኝቶ እንደነበርና ማን እንደነቃ አይለይልኝም።

ከነዚያ ቀትሮች በአንዱ ነው ያንን ስለት የተሳሉት። እጃቸውን ወርቂት ራስ ላይ ጭነው፣ ሰይዴ በእግሩ ከገባልኝ ፍየል አርጄ ጎረቤት አበላለሁ አሉ።

አሁን የገባሁበትን ጣጣ አስተውሉ። በቤታችን ያለችው ፍየል አንዲት ናት፣ እሷም ውሻ ናት። ሰይድ ካልመጣ አክስቴ በሐዘን ያልቃሉ። ሰይድ ከመጣ ደግሞ ወይ ጎረቤት ውሻ ይበላል፣ ወይ አክስቴ ሁለት ዓመት ከውሻ ጋር ተቃቅፈው መኖራቸውን ይሰማሉ። ያን ጊዜ ያችን ፈገግታ ዳግመኛ እንደማላያት እርግጠኛ ነበርኩ። ለሰይድ መመለስ እየጸለይኩ፣ ጸሎቴ መካከል ላይ ስደርስ ትንሽ ዘግየት ይበል የምል ሰው ሆንኩ። አፍሬበታለሁ።

ጣሊያን ተሸነፈ። ካሚዮኖቹ እኔ ባጣመምኩት መንገድ ላይ ተከታትለው ጠፉ። ከዚያም ሰይድ ከነወገኖቹ በደህና ወርዷል፣ አርብ ይገባል የሚል ወሬ ደረሰን። አክስቴ እልል አሉ። እኔ እልል ብዬ ሳበቃ ወደ ማጀቴ ገበያ ገሰገስኩ። ገበያውን ሙሉ ጆሮ ስለካ ዋልኩ። ሻጮቹ እብድ መሰልኳቸው፤ ሰው ጥርስ አይቶ ነው ፍየል የሚገዛ። በመጨረሻ እንደ ወርቂት ጆሮው የተዘናፈለ፣ ቀንድ የሌለው አንድ ፍየል አገኘሁና እየጎተትኩ ተመለስኩ። ወርቂትን ሼህ ኑሩ ቤት ደበቅኋት። ብቻዋን ከተተወች ስለምታለቅስ ሼሁም አብረዋት ሊቀመጡ ግድ ሆነባቸው።

አርብ ሰይድ ገባ። ከስቷል፣ ጎፈሬው ትከሻው ደርሷል፤ አክስቴ ፊቱን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ ሲያለቅሱ ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ሰይድ ቢላዋውን ይዞ ተነሳ፣ እኔ ፍየሉን አቀረብኩ። ቆይ፣ ሳትታረድ ልሰናበታት አሉ አክስቴ። እኔም የፍየሉን ጆሮ ወደ እጃቸው ገፋሁ። እጃቸው ጆሮውን አገኘና እስከ ጫፉ ለካው። ወደ ጀርባው ሄደ፣ ወደ ሆዱ ወረደ፣ ቆመ።

«ሙሄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ወርቂት ናት እትዬ አልኩ።

«ይህ ፍየል ነው» አሉ። «ያውም ወጠጤ።»

ጆሮ ስለካ ሌላውን ማየት ረስቼ ነበር። ሰይድ ቢላዋውን እንደያዘ ወደኔ ዞረ። አክስቴም እጃቸውን አራገፉና፣ የተሳልኩት ፍየል ነው፣ ፍየል መጥቷል፣ እረዱት አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። «ውሻዬን ግን የት አደረስካት?»

ለካ እግሯን የያዙ ዕለት ነው ያወቁት። በማግስቱም ሼህ ኑሩን አማክረዋል። ሼሁ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? ሙሄ እንዳይሰማ፣ ካወቀ ደንግጦ ያስወጣታል፣ እርስዎ ዝም ብለው በአፈር ይታጠቡ! ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየመጡ ሮቃው ሥር የሚቀመጡት፣ ጢማቸውን የሚዳብሱት ለካ ሳቃቸውን ሊሸፍኑ ኖሯል። ለምን ደበቁኝ እትዬ ብላቸው፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ዘንግ ይዘህ ትቆማለህ፣ ሰይድ የለም፣ ውሻ ናት ካልኩ ደጅ ልትወጣ ነው፣ እኔስ ከማን ጋር ልቀመጥ አሉኝ። ተነስቼ ሼህ ኑሩ ቤት ሄድኩ። ወርቂትን ይዤላቸው መጣሁ፤ እጃቸውን ላሰች፣ ሰይድን ላሰች፣ ጎረቤቱን በሙሉ ላሰች። አክስቴም ውሃ አምጣልኝ አሉኝ፣ አፈሩን ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔው አደርገዋለሁ፣ አንተ ጠጠር ታበዛለህ።

ይህንኑ ሁሉ ለልጄ ልጅ በስልክ ተረክሁላት። ጠባይዋ መልካም ነው፣ ከልጆች ጋር ትስማማለች፣ ብቻዋን አትተዋት፣ ቤት ትጠብቃለች ብለሽ ግን እንዳታስቢ አልኳት። ልጅቷ እሺ፣ እሺ አለችኝና፣ ስልኩን በእጇ የሸፈነች መስሏት ወደ ባሏ ዞር አለች።

«አባባ አርጅተዋል» ስትለው ሰማኋት፤ «ውሻና ፍየል መለየት አቅቷቸዋል።»