ሊቀ ክሊፕ ወልደ ሰንበት ሆሳዕናን ከካሜራ ያኳረፉበት ዕለት

በዘመነ ዩቲዩብ፣ የቪሲዲ መንግሥት ወድቆ ሲዲዎቹ ወፍ ሊያባርሩ በበቆሎ ማሳ ላይ ከተሰቀሉ በኋላ፣ ድሮን የተባለው የብረት ንብ በሠርግ ቤት ሰማይ ላይ በሠለጠነበት ወራት፣ በኅዳር በ፲፫ኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ገበያ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሊቀ ክሊፕ፣ ዐቃቤ ሪሞት፣ ድል አድራጊው ወልደ ሰንበት በተወለዱ በኀምሳ ሁለት ዓመታቸው ይህን ገድል ፈጸሙ።

ማዕረጉንም ያገኙት በከንቱ አይደለም። በዘመነ ካሴት የዘፋኙ መልክ በሽፋኑ ላይ እንደ ቴምብር አንሶ ይታይ ነበርና ሕዝቡ ድምፁን እየሰማ ቁመቱን ይገምት ነበር፤ በዘመነ ቴሌቪዥን ዘፋኙ ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ፣ አበባ እያሸተተ፣ ከንፈሩን አንዳንዴ ከዘፈኑ ቀድሞ አንዳንዴም ዘግይቶ ያንቀሳቅስ ነበር፤ በዘመነ ቪሲዲ ግን ወልደ ሰንበት ከመናኸሪያው ጀርባ ማከራያ ከፍተው፣ አንድ ዓይነት የለበሱ ተወዛዋዦች በየትኛው ክሊፕ ስንት ጊዜ ትከሻ እንደ ሰበቁ በቃላቸው እስኪያውቁ ድረስ አዩ፤ የአዲስ አበባ ሊቃውንት ሁሉ ቢሰበሰቡ እርሳቸው ያዩትን ሲሶ አላዩም።

በዚያም ዓመት የእህታቸው ልጅ ብርቅዬ፣ ጠጉር ሠሪይቱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሹሩባ እየጎነጎነች ያንጎራጎረችውን ዘፈን፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በሀዲይኛ የሆነውን፣ ክሊፕ ልታሠራለት ተነሣች፤ ዘፈኑም ገበያ መሐል አይቷት እንዳላየ ሆኖ ስላለፈ ወዳጅ ነበረ። ሱራፌል የተባለ ዳይሬክተር አንድ ካሜራና ሁለት ባትሪ ይዞ ከአዲስ አበባ ወረደ፤ በማግሥቱ ሠርግ ይጠብቀው ነበርና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመለስ ቆርጦ ነበር። የክሊፑም ልብ ይህ ነበረ፤ ብርቅዬ ከናስረዲን ጨርቅ ቤት እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ በሕዝብ መሐል እየዘፈነች ትሄዳለች፣ ማንም አያያትም፣ ማንም ካሜራውን አያይም፣ ቀረጻውም አይቋረጥም። ይህ ካልተገኘ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወልደ ሰንበትን ተከትለው የወጡትም እነዚህ ናቸው፤ ባጃጅ ነጂዎች አሥራ አራት፣ ከሆመቾ የመጡ ድንች ነጋዴዎች ሰባት፣ ሞንታርቦ የተሸከሙ ሁለት ጎረምሶች፣ ጠጉራቸው በቢጉዲ እንደተጠቀለለ የብርቅዬ ደንበኞች ዘጠኝ፣ ናስረዲን ከነሜትሩ፣ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ፍየሎች ሦስት።

ሱራፌልም ሜጋፎን አንሥቶ አወጀ፦ «የሆሳዕና ሕዝብ ሆይ! ካሜራውን እንደሌለ ቁጠሩት! እንደ ሁልጊዜው ሁኑ!»

ሕዝቡም እንደ ሁልጊዜው ሆነ። የሆሳዕና ሰው እንግዳ መጥቶበት ሳይጨብጥ አልፎ አያውቅምና፣ አንዱ የሱራፌልን እጅ፣ ሌላው የካሜራውን እግር እየጨበጠ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ጤናው ጠየቀ፤ አንዲት እናትም ሌንሱን ጠጋ ብለው «በሞትኩት፣ ከስተሃል!» አሉት። የመጀመሪያው ባትሪ በሰላምታ አለቀ።

ሁለተኛው አዋጅ ተነገረ፦ «ካሜራውን ያየ ከክሊፑ ይቆረጣል!» በዚህ ጊዜ ገበያው በሙሉ ጀርባውን ሰጠ፤ ድንች ነጋዴዎቹም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ለግድግዳው ድንች ይመዝኑ ጀመር። ባትሪው ወደ አንድ መስመር ወረደ፣ ሰዓቱም ስምንት ተኩል ሆነ፣ የብርቅዬም ኩል ከእንባ ጋር ሊወርድ ዳር ዳር አለ።

ያን ጊዜ ወልደ ሰንበት የእህታቸውን ልጅ ፊት አዩ። በድንች ጆንያ ላይ ወጥተው፣ ሜጋፎኑን ነጥቀው፣ ምድር የተንቀጠቀጠችበትን አዋጅ አወጁ፦

«የሆሳዕና ሰው፣ የሆመቾ ሰው፣ ስማ! ይህ ካሜራ ልቅሶህን ያልደረሰ ዘመድህ ነው! እየሰማ የቀረ! እንግዲህ እንደሚገባው እለፈው!»

ወዮ ለዚያ ካሜራ! ሕዝቡ ሁሉ አገጩን አነሣ፤ አንዱ የሽንኩርት ዋጋ ጠየቀ፣ አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ናስረዲን ለክቶ የጨረሰውን ጨርቅ እንደገና ለካ። እያዩት አላዩትም፤ ኩርፊያ እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ብርቅዬም በመሐላቸው እየዘፈነች ተራመደች፣ ወልደ ሰንበትም ከጆንያው ወርደው ከሕዝቡ ጋር ተጓዙ፤ የሆሳዕና ገበያ ሙሉ ያኮረፋት መሰለ።

ነገር ግን ፈተናው ገና ነበረ። ባጃጅ ተራው ሊደረስ ዘጠኝ እርምጃ ሲቀር፣ አዋጁን ያልሰማ ታዴዎስ፣ የወልደ ሰንበት አብሮ አደግ፣ ከዶዮገና ሚኒባስ ወርዶ፣ ክንዱን እንደ ንሥር ዘርግቶ መጣ። እንዲህም እያለ ጮኸ፦ «ወሌ! አንተ ሽማግሌ! አለህ ወይ?!» ጩኸቱስ ግድ የለም፣ ዘፈኑ አስቀድሞ ተቀድቶ ከሞንታርቦ የሚሰማ ነው፤ ነገር ግን ከተቃቀፉ ቀረጻው ያበቃል፣ ባትሪውም ይሞታል። ወልደ ሰንበት በዕድሜያቸው ሙሉ የማንንም ሰላምታ ችላ ብለው አያውቁም፤ ከታዴዎስም ጋር ከፋሲካ ወዲህ አልተያዩም። እጃቸው በራሷ ልትነሣ ስትል በኪሳቸው አሰሯት፤ አንገታቸውንም እንደ ዛገ መዝጊያ እያንቋቋ አዞሩት። ታዴዎስ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ። ብርቅዬ በፊቱ አለፈች፣ የመጨረሻውን ስንኝ ጨረሰች፣ ባትሪውም ጠፋ። ሱራፌል፦ «ተገኘ!» ብሎ አወጀ።

ታዴዎስ ግን በመጣበት ሚኒባስ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከበት፤ ሦስት ጊዜም፦ «ወሌ የሚባል ሰው አላውቅም!» የሚል አዋጅ ከዶዮገና ወረደ። ወልደ ሰንበትም ብርቅዬ ስታመሰግናቸው ፈገግ ይሉ ነበር፤ ምሳ ግን አልወርድ አላቸው።

በጥር ወር ክሊፑ ወጣ። ታዴዎስ ክንዱን ዘርግቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ የከዱት ሰው ሆኖ ሲታይ ዐርባ ሺህ ሰው አለቀሰ፤ ከሥሩም «ይህ አክተር ማነው?» የሚል ጥያቄ እንደ አሸዋ በዛ። ታዴዎስ ስልኩን ይዞ ሰባት ጊዜ ካየ በኋላ ሆሳዕና ድረስ ወርዶ፣ ወልደ ሰንበትን በገበያ መሐል አንቆ አቅፎ፣ ሁሉ እየሰማ አወጀ፦

«ታርቄያለሁ! ሌላ ጊዜ ስታኮርፈኝ ግን አስቀድመህ ንገረኝ፣ ሸሚዜን እቀይራለሁ!»

ወልደ ሰንበትስ? በሁለተኛው ደቂቃ፣ ከአንዲት ባጃጅ ጥግ፣ ግራ ጆሯቸው ብቻ ትታያለች። ኦ ጆሮ፣ የወዳጅ ጥሪ ሰምታ ዞር ያላለች፣ ለእህት ልጅ ስትል እሳት መስላ የቀላች! ከሆሳዕና እስከ ዶዮገና እንዳንቺ ያለ ጆሮ አልታየም፤ ላላዩሽም ሁሉ ባለቤትሽ በየመንገዱ እያቆሙ በስልካቸው ያሳያሉና ክብርሽ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ይኑር።