ሬሳ ሳጥን ቤት የገቡ ሙሽሮች

(ጠባብ ቢሮ፣ ረፋድ ላይ። አንድ ሰርቨር የብዙ ደንበኞችን ድረ ገጽ ተሸክሞ ጥግ ላይ ያጓራል። ባልደረቦቹ «ሁሉ አወቅ» የሚሉት ባለሙያና ነገር ቶሎ አይገባትም ተብላ «ርጋታ» የተባለችው አዲሷ ሠራተኛ አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል።)

ርጋታ፦ እኔ አልገባኝም። ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሺህ ሰው የአናጢውን የሬሳ ሳጥን ገጽ ለምን ያያል?

ሁሉ አወቅ፦ ሰው ሟች ነዋ። ይሄ ምን ትምህርት ይፈልጋል?

ርጋታ፦ የቬሎ አከራይዋን ገጽ ግን አንድም ሰው አላየም።

ሁሉ አወቅ፦ ማግባት ቀርቷላ። ስድስት ሰዓት ላይ ስትመጣ ገጿን እንዘጋዋለን። ራሷ ናት ዝጉልኝ ያለችው።

ርጋታ፦ አክስቴ እኮ ናት። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

(የሳጥን አናጢውን ሎግ፣ ማን ገብቶ ምን እንዳየ የሚጻፍበትን መዝገብ፣ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።)

ርጋታ፦ እዚህ ሬሳ ሳጥን ቤት የገባ ሰው «ነጭ ቬሎ» የሚል ከፍቷል።

ሁሉ አወቅ፦ የሳጥኑ ገበር ነው።

ርጋታ፦ ሌላው ደግሞ «የሚዜ ልብስ» አይቷል።

ሁሉ አወቅ፦ ተሸካሚዎቹ ናቸው። አራት ሆነው አንድ ዓይነት ይለብሳሉ።

ርጋታ፦ «ወገቡ የሚሰፋ»ስ?

ሁሉ አወቅ፦ (ጥቂት አስቦ) ለወፍራም ሟች።

(ርጋታ የአክስቷን ቨርቹዋል ሆስት፣ ሰርቨሩ ያንን ድረ ገጽ እንዴት እንደሚያስተናግድ የተጻፈበትን ፋይል፣ ከፈተች።)

ርጋታ፦ ስሙ የአክስቴ ነው። ገጾቹም የሷ። ጎብኚ መዝግብበት የተባለው ሎግ ግን የአናጢው ነው። የአናጢውን ኮፒ ያደረገ ሰው ይቺን መስመር ሳይቀይራት ቀርቷል።

ሁሉ አወቅ፦ የትኛው ደንቆሮ ነው?

ርጋታ፦ ያኔ እዚህ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።

ሁሉ አወቅ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) አንቺን ለመፈተን ነው።

ርጋታ፦ የዛሬ ሁለት ዓመት? እኔ የተቀጠርኩት ባለፈው ወር።

ሁሉ አወቅ፦ አርቆ ማሰብ ይሉሻል ይሄ ነው።

(መስመሯን አስተካከለ። የቬሎዎቹን ገጽ ከፍቶ አዲሱን ሎግ አየ፤ ባዶ ነው።)

ሁሉ አወቅ፦ አላልኩሽም? ጥፋቱ የመስመሯ አይደለም።

ርጋታ፦ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ አዘኸዋል?

(አላዘዘውም። አዘዘው። ደቂቃ ሳይሞላ ዐሥራ አንድ ሰው ቬሎ ቤት ገብቶ ተመዘገበ። ርጋታ ስልኳን ይዛ ኮሪደር ወጣች፤ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ ተመለሰች።)

ርጋታ፦ አክስቴ ምሳዋን እየበላች ነው። አሁን አናጢው ነው መስመር ላይ ያለው።

ሁሉ አወቅ፦ ምን አልሽው? ገበያህ ደርቷል፣ ሁለተኛ ሱቅ ክፈት ብዬ መክሬው ነበር።

ርጋታ፦ እውነቱን ነገርኩት። ሙሽሮቹ ሲወጡ የቀረው ጎብኚ አንድ ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ የሚመላለስ።

ሁሉ አወቅ፦ እሱማ እኔ ነኝ። ገጹ መሥራቱን ለማየት ነው የምገባው።

ርጋታ፦ አንተ መሆንህንም ነገርኩት። በጣም አዘነ።

ሁሉ አወቅ፦ ምኑ ነው የሚያሳዝነው?

ርጋታ፦ «በዚህ ዕድሜው ምን አግኝቶት ነው» ይላል። ቁመትህ ስንት ነው?