የልጄ ራክሻና የኩባንያው ውል

እናንተዬ፣ ስልካችሁ «እስማማለሁ» በሉ ሲላችሁ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ታነቡታላችሁ? እስቲ እውነቱን ተናገሩ። አታነቡትም። እኔ ግን አነባለሁ። ሙሉውን! የመድኃኒት ፓኮ ውስጥ ያለችውን ታጣፊ ወረቀት ሳይቀር ዘርግቼ እጨርሳታለሁ። ሚስቴ «ወረቀቱን ሳትጨርስ በሽታው ይጨርስሃል» ትለኛለች።

ምን ላድርግ፣ የምተዳደረውም በዚሁ ነው። ይህን የምነግራችሁ ካርቱም ገና ሰላም ሳለች የሆነ ነው። ጀሪፍ በሚባል ሠፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ የማነሣባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ከኮፒው ይልቅ የሚያኖረኝ ማመልከቻ መጻፍና የሰው ውል ማንበብ ነው። ሐበሻው ኢቃማውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ዐረብኛውን በአማርኛ አስረዳዋለሁ። በወጣትነቴ የአንድ የፖለቲካ ድርጅት አባል ነበርኩ። ድርጅቱ ተበተነ፣ እኔም በገዳሪፍ በኩል ተሰድጄ ካርቱም ገባሁ። ከዚያ ሁሉ ትግል የተረፈኝ ነገር ቢኖር አንቀጽ በአንቀጽ የማንበብ አመል ነው።

አመሉ ደግሞ አይጠቅምም አትበሉ። ኤልያስ የሚባል አንድ የሠፈራችን ልጅ ቡሪ ሠፈር ቤት ተከራየ። ውሉን ሳያሳየኝ ፈረመ። የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። አከራዩ ሐጂ አልጋቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ቆመዋል። ሰላምታ ሰጥተው፣ ስለ ጤናው ጠይቀው፣ ደረጃውን ወጡና ጣሪያው ላይ አልጋቸውን ዘረጉ። ለካ ውሉ «ጣሪያው የአከራዩ ነው» ይላል! የካርቱምን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በበጋ ቤት ማለት ጣሪያው ነው። ኤልያስ ታች ላብ በላብ ሆኖ ሲገላበጥ ሐጂ ላይ ነፋስ እየተቀበሉ ያንኮራፋሉ። ሦስት ወር እንዲህ ኖሩ። እራትም አብረው ይበሉ ጀመር፣ መቼስ ሰው ናቸው።

ይህን ታሪክ ለልጄ ለሊያ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ! ሊያ እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፣ ስትቆጣ ደግሞ ጭራሽ ሁሉም ዐረብኛ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ አንድ የስልክ ጨዋታ ሠራች። ጨዋታው ራክሻ መንዳት ነው፣ እናንተ አገር ባጃጅ የምትሏትን። ከጀብራ ሠፈር ተሳፋሪ ጭናችሁ ቡሪ ታደርሳላችሁ። መንገዱ ላይ ጉድጓድ አለ፣ ፍየል አለ፣ ዝናብ ያቆረው ውሃ አለ፣ ትራፊክ ፖሊስ አለ። ወፈር ያሉ እመቤት ሲሳፈሩ ራክሻዋ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ፍየሏን ገጨኋት።

ታዲያ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር ከዜሮ አይጀምርም አሉ። ጌም ኢንጂን የሚባል ትልቅ ፕሮግራም አለ። ጎማ እንዴት እንደሚሽከረከር፣ የወደቀ ዕቃ እንዴት እንደሚነጥር እሱ ያውቃል። አንድ የውጭ ኩባንያ ሠርቶታል፣ ሊያ በዚያ ላይ ጨዋታዋን ገነባች። በሰው መሬት ላይ ነዋ ቤት የሠራሽው አልኳት። አባ፣ መሬቱ እኮ መጃን ነው አለችኝ፣ በነፃ ነው ማለቷ ነው። መጃን! ይህን ቃል ስሰማ ጀርባዬን ይበላኛል።

የፈራሁትም ደረሰ። ጀብራ ያለ አንድ አሳታሚ ጨዋታውን ለዒድ ላወጣልሽ ብሎ ሊፈራረሙ ሲሉ፣ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ውሉ ተለውጧል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ጨዋታውን ስልኩ ላይ በጫነ ቁጥር ሠሪዋ ትክፈል ይላል። ልብ በሉ፣ በሸጠች ቁጥር አይደለም፣ በተጫነ ቁጥር ነው። እሷ ደግሞ ጨዋታውን ለሕዝብ የምትሰጠው በነፃ ነው። እንግዲህ ሰው በወደደላት መጠን ልትደኸይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንኳ አልሰማሁም።

አንዲት ማምለጫ ግን ነበረች። አዲሱን ውል ያልተቀበለ ሰው በአሮጌው ይቀጥላል የሚል ወሬ አለ። የልጄ የሦስት ዓመት ልፋት የሚተርፈው አዲሱን ውል ባለመቀበል ብቻ ነው። አለመቀበል ማለት ደግሞ ምንም አለማድረግ ነው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የከበደ ሥራ ከየት ይመጣል?

ሊያ ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ አባ፣ አንተ ወረቀት ታውቃለህ፣ ወሬው እውነት መሆኑን አንብበህ አረጋግጥልኝ፣ እኔ አሳታሚው ጋ ደርሼ ልምጣ ብላ ሄደች። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ወዲያው ዘለቀን ጠራሁት። ዘለቀ የድሮ የድርጅት ጓዴ ነው፣ አሁን ሒሳብ ያስተምራል። ድርጅታችን ለሁለት ሲሰነጠቅ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆንን። ድርጅቱ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እኛ ግን እስከ ዛሬ እንደተሰነጠቅን ነን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለን ከአንቀጽ አንድ ጀመርን። እኔ ሰብሳቢ፣ ዘለቀ ቃለ ጉባኤ ያዥ። «ኩባንያው ይህን ውል በፈለገ ጊዜ ሊለውጥ ይችላል» የምትል መስመር ላይ ስንደርስ ዘለቀ ከት ብሎ ሳቀ። ይህማ የናንተ ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው አለኝ። የናንተ ነው እንጂ አልኩት። በዚህ አንድ ሰዓት ሄደ።

ከዚያ ገጹ አለቀ። ስለ አሮጌው ውል የሚናገረው ክፍል ገና አልመጣም። ከታች «እስማማለሁ፣ ቀጥል» የምትል ነገር ተቀምጣለች። ሳንጫናት የቀረው አይከፈትም ማለት ነው አልኩ። ዘለቀ ተው፣ ይህ ፊርማ ቢሆንስ አለ። ሰው ጨርሶ ያላነበበውን ነገር ፈርም የሚባልበት አገር የት አለ ብዬ ሞገትኩት። አልተስማማንም። ስለዚህ እንደ ደንባችን ድምፅ ሰጠን። አንድ ለአንድ። ድምፅ እኩል ሲሆን ደግሞ ሰብሳቢ ያለበት ወገን ያሸንፋል፣ ይህ በዓለም የታወቀ ነው። እናም በድምፅ ብልጫ ተጫንኳት።

«እናመሰግናለን፣ አዲሱን ውል ተቀብለዋል» አለ ኮምፒውተሩ።

መመለሻ ፈለግሁ፣ የለውም። ዘለቀ መነጽሩን አወለቀና ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አለ። የሚይዘው እኮ እሱ ራሱ ነው! ይዞም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፍን፣ ስድስት ነጥብ ያለው፣ «በጽኑ እንቃወማለን» የሚል። መልሱ ዓይን ሳይከደን ደረሰ። መልእክትዎ ደርሶናል፣ ለአገልግሎታችን ስንት ኮከብ ይሰጡናል ይላል። እኔ ምንም አልሰጥም አልኩ፣ ዘለቀ ከቁጥር እንድንገባ ቢያንስ አንድ እንስጥ አለ። በዚህ ስንጨቃጨቅ በሩ ተከፈተ።

ሊያ ናት። ፊቷ በርቷል። አባ፣ ኻላስ፣ አለቀ፣ አሳታሚው ተስማማ! በአሮጌው ውል ላይ እስካለሽ ድረስ ለዒድ እናወጣዋለን አለኝ፣ ወላሂ! አለች።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ተመርምሬአለሁ፣ ታስሬአለሁ፣ እንደዚያች ደቂቃ ግን መናዘዝ አልከበደኝም። የተጫንኩትን አሳየኋት። ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ልጄ፣ እኔ ተቃውሜ ነበር አለ። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እሰማ ነበር፣ በአንድ ጣት የሚተላለፍ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እሷ መጀመሪያ በዐረብኛ ጮኸች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሦስት ቀን በምንም ቋንቋ አላናገረችኝም። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን ያላ፣ እንቀጥል ብላ ተነሣች። በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ሆነው የሠሩት ሌላ ኢንጂን አግኝታለች። ሥዕሉና ድምፁ የራሷ ስለሆነ ይዛው ወጣች፣ ራክሻዋን ግን መንዳት እንደገና አስተማረቻት። ዒዱ አለፈ። አሳታሚው ማዓሌሽ፣ አይዞሽ፣ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ኢንሻአላህ ብሏት ነበር። ኢንሻአላህ ሲል እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ግን ቃሉን ጠበቀ። ጨዋታው ወጣ፣ የጀሪፍ ራክሻ ነጂዎች ሳይቀሩ ተሳፋሪ ሲያጡ ጥላ ሥር ቆመው ይጫወቱት ነበር።

እኔ የማልረሳው ግን አዲሱን ሥራ ልትጀምር ስትል የሆነውን ነው። አባ፣ የዚህኛውንም ውል አንብብልኝ፣ እጅህን ግን ኪስህ ውስጥ አድርግ አለችኝ። አደረግሁ። የዘለቀንም እጅ አስገባችው።

ውሉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የቀረው የት ሄደ ብዬ ፈለግሁ፣ የቀረ የለም። ውሰዱት፣ ለውጡት፣ ሽጡት፣ የደስታችሁን አድርጉበት፣ የኛን ስም ብቻ አትፋቁ ይላል። ቀጥሎ፣ በደንብ ይሠራል ብለን ቃል አንገባም፣ ይጠቅማችኋል አንልም፣ ቢበላሽም አንጠየቅም ይላል። በቃ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘለቀም አነበበው። ምንም ቃል አይገባም? አለኝ። ምንም አልኩት። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ሊያ ጨነቃት። ምነው አባ፣ ሙሽኪላ አለው እንዴ፣ ችግር አለው? አለች።

«የለውም ልጄ» አልኳት። «እንዲህ የሚል ድርጅት በወጣትነታችን ገጥሞን ቢሆን ኖሮ፣ እኔና ዘለቀ ዛሬም አባል ነበርን።»